ደብረ ብርሃን የቀረውን ኮምፒውተር አዲስ አበባ ሆኖ ማስነሳት፦ በቤት ማዕከል በኩል፣ ደረጃ በደረጃ

ከሰኞ እስከ ዓርብ አዲስ አበባ እየሠሩ ቅዳሜና እሑድ ደብረ ብርሃን የሚመለሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ፋይሉ እቤት ኮምፒውተሬ ላይ ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ጠፍቷል። እዚሁ ሆኜ ላስነሳው እችላለሁ?» ከሸዋ ሮቢትም፣ ከመሐል ሜዳም ይኸው ጥያቄ ይመጣል። አዎ፣ ይቻላል። 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ለአንድ ፋይል ብሎ መመለስ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩን ሌት ተቀን አብርቶ መተውም አያስፈልግም፤ ያለ ሥራ በርቶ 60 ዋት የሚወስድ ኮምፒውተር በቀን 1.44 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ ጠፍቶ ጥሪ ሲጠብቅ ግን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዋት አይበልጥም።

ከመጀመራችሁ በፊት አሠራሩን ተረዱት፤ ኋላ እንከን ሲገጥማችሁ የት እንደምትፈልጉ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ሲጠፋ የኔትወርክ ካርዱ በትንሽ ኃይል ነቅቶ ይቀራል። የሚጠብቀው «ማጂክ ፓኬት» የሚባል አጭር መልእክት ነው። መልእክቱ በ6 ባይት መነሻ ምልክት ይጀምርና የካርዱን ማክ አድራሻ (እያንዳንዱ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን መለያ) 16 ጊዜ ይደጋግማል፤ በድምሩ 102 ባይት ነው። ካርዱ የራሱን አድራሻ በመልእክቱ ውስጥ ሲያገኝ ኮምፒውተሩን ያስነሳዋል። የጠፋ ኮምፒውተር በአይፒ አድራሻው (በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ራውተሩ በሰጠው ቁጥር) ቢጠሩት ስለማይመልስ መልእክቱ በቤቱ ኔትወርክ ላሉት መሣሪያዎች ሁሉ ይበተናል፤ የሚነሳው ግን ስሙ የተጠራው ብቻ ነው። የሚበተን መልእክት ደግሞ ከራውተር አልፎ አይጓዝም። አዲስ አበባ ካለው ስልካችሁ በቀጥታ ልካችሁ የማይሠራው ለዚህ ነው። እቤት ውስጥ ሁልጊዜ ነቅቶ የሚቀመጥ፣ እናንተን ሰምቶ ጥሪውን እዚያው የሚያሰማ አንድ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል። ማዕከል የምለው እሱን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለው ኮምፒውተር። በዋይፋይ ማስነሳት በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች አይሠራም፤ በዩኤስቢ የሚሰኩ የኔትወርክ መሰኪያዎችም ብዙዎቹ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብረው ይሞታሉ።
- ቢያንስ ሁለት የገመድ መሰኪያ ያለው ራውተር። በሲም ካርድ የሚሠራ ቢሆንም ችግር የለውም። በኪስ የሚያዘው ትንሹ ዋይፋይ ግን ገመድ የሚገባበት ስለሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።
- ሁለት የኔትወርክ ገመድ፦ አንዱ ለኮምፒውተሩ፣ አንዱ ለማዕከሉ።
- ለማዕከሉ፦ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ወይም 5 የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባለ 2 ጊጋባይት ራም ወይም ከዚያ በላይ፤ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፤ የራሱ ቻርጀር። ለፓይ 4 ባለ 5.1 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው። በስልክ ቻርጀር አትተኩት፤ ኃይል ሲያንሰው እየተንጠለጠለ ያስቸግራችኋል።
- ለራውተሩና ለማዕከሉ መጠባበቂያ ኃይል።
- ከተቻለ በማዕከሉ የሚታዘዝ አንድ ዘመናዊ ሶኬት። ጥቅሙን ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ።

ራስፕቤሪ ፓይ ካላገኛችሁ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ማዕከል ሊሆን ይችላል። ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳ የሚይዝ ከሆነ እኔ ራሴ እሱን እመርጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ይቀጥላልና። ነገር ግን የማዕከሉ ፕሮግራም ሲጫን ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ፎቶና ሰነድ ካለበት አስቀድማችሁ አውጡ።

ደረጃ 1፦ ከኋላ ያለውን መብራት እዩ

ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙና አጥፉት። አንድ ደቂቃ ጠብቁና ከኋላ ገመዱ የገባበትን ቦታ ተመልከቱ። ከመሰኪያው ጎን ያለችው ትንሽ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ መብራት ካልጠፋች ካርዱ ኃይል እያገኘ ነው። ጨልማ ከሆነ ከዚህ በታች የምትሠሩት ሁሉ ከንቱ ነው፤ የማይሰማን ካርድ ማንም ሊያስነሳው አይችልም።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ማዕከሉ ተተክሏል፤ ቁልፉ ተሠርቷል፤ ሁሉም ነገር ትክክል ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን እንቢ አለ። ሁለት ምሽት ከስልካቸው ጋር ታግለው ጠሩኝ። ጠረጴዛውን ከግድግዳው ሳብ አድርገን በስልክ መብራት ከኋላ ስናይ መሰኪያው ጨለማ ነው። ባዮስ ውስጥ (ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) አንድ መስመር ቀይረን፣ አጥፍተን፣ እንደገና አየን፤ አረንጓዴዋ ብልጭ አለች። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ። ለዚህ ነው መብራቷን መጀመሪያ የማስቀድማት።

ደረጃ 2፦ ባዮስ ውስጥ ሦስት ነገር ማስተካከል

ኮምፒውተሩ ሲነሳ የዲሊት ወይም የኤፍ 2 ቁልፍን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ በአንዳንዱ ኤፍ 10 ነው። ስሞቹ ከአምራች አምራች ቢለያዩም የምትፈልጓቸው እነዚህ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኃይል በሚናገረው ገጽ ላይ ይገኛሉ።

ሀ) «ዌክ ኦን ላን» ወይም «ፓወር ኦን ባይ ፒሲአይ» የሚለውን ክፈቱ። ካርዱ ኮምፒውተሩን እንዲያስነሳ የሚፈቅደው ይህ ነው።

ለ) «ኢአርፒ» ወይም «ዲፕ ስሊፕ» የሚለውን ዝጉ። ይህ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ለካርዱ የሚሄደውን ትንሽ ኃይል ጭምር ይቆርጣል። የሒሳብ ባለሙያው ጥፋት እዚህ ጋ ነበር።

ሐ) መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነውን መስመር ፈልጉ፤ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» ወይም «አፍተር ፓወር ፌይለር» የሚል ነው። «ፓወር ኦን» ላይ አድርጉት። ብዙ ሰው ሁለቱን አስተካክሎ ይህችን ይዘላታል፤ በእኛ አካባቢ ግን ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። መብራት ሲቋረጥ ካርዱም አብሮ ይሞታል። ሲመለስ ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ጊዜ ካልተነሱ በቀር ካርዳቸው ጥሪ መስማት አይጀምርም። ማለትም ማክሰኞ ሌሊት ለአምስት ደቂቃ የጠፋ መብራት ረቡዕ ጠዋት ጥሪያችሁን መልስ አልባ ያደርገዋል። በ«ፓወር ኦን» ግን መብራቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነሳል፤ ቆይቶ ሲተኛም ካርዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ለውጡን አስቀምጣችሁ ውጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በኤፍ 10 ነው።

ደረጃ 3፦ ዊንዶውስን ማዘጋጀት

«ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ፤ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» ሥር የገመዱን ካርድ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጉ። ካርዱ ብዙ ጊዜ ሪልቴክ ወይም ኢንቴል የሚል ስም አለው። «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ክፍል ሦስቱንም ሳጥኖች ምልክት አድርጉባቸው። ሦስተኛው በማጂክ ፓኬት ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገው ነው፤ እሱን ከተዋችሁ ኮምፒውተሩ በማንኛውም የኔትወርክ ኮሽታ ሌሊት እየተነሳ ያድራል። «አድቫንስድ» በሚለው ክፍልም «ዌክ ኦን ማጂክ ፓኬት» መከፈቱን እዩ።

ቀጥሎ «ፋስት ስታርትአፕ»ን ዝጉ። በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ግቡ፤ በግራ በኩል የኃይል ቁልፎች ምን እንደሚሠሩ የሚወስነውን መስመር ጠቅ አድርጉ፤ ከላይ የተቆለፉትን ምርጫዎች የሚከፍተውን ተጫኑ፤ ከዚያ ምልክቱን አንሱ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፋስት ስታርትአፕ ክፍት ሲሆን «ሻት ዳውን» ያላችሁት ኮምፒውተር በእውነት አይጠፋም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ዊንዶውስም በዚያ ሁኔታ ካርዱን ለጥሪ አያዘጋጀውም።

ደረጃ 4፦ አድራሻዎቹን መመዝገብ

በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ኢተርኔት» ግቡ። «ፊዚካል አድሬስ» ከሚለው ፊት ያሉት 12 ቁጥሮችና ፊደሎች ማክ አድራሻው ናቸው። በወረቀት ጻፉት። የዋይፋዩ ማክ አድራሻ ሌላ ስለሆነ እሱን እንዳትወስዱ፤ በዚህ ስህተት ብዙ ሰዓት ይባክናል።

ከዚያ ወደ ራውተራችሁ ገጽ ገብታችሁ ለኮምፒውተሩም ለማዕከሉም (ለማዕከሉ ደረጃ 5 ላይ ከሰካችሁት በኋላ) የማይለወጥ አይፒ አድራሻ አስይዙላቸው፤ ለምሳሌ 192.168.1.50 እና 192.168.1.60። ማንቃቱ በማክ አድራሻ ቢሆንም ከተነሳ በኋላ ኮምፒውተሩን የምታገኙት በአይፒ ነው፤ አይፒው መብራት በጠፋ ቁጥር ከተለወጠ ትታችሁት የሄዳችሁት ቦታ ላይ አታገኙትም።

ደረጃ 5፦ ማዕከሉን መትከል

ሆም አሲስታንት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። ሚሞሪ ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ በ«ራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር» ጻፉበት፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የቤት ማዕከሎች የሚለውን ክፍል መርጣችሁ «ሆም አሲስታንት»ን ውሰዱ። ካርዱን ፓይው ላይ ሰክታችሁ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙትና ኃይል ስጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ከኢንተርኔት ብዙ ስለሚያወርድ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የዳታ ጥቅላችሁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አትጀምሩት፤ በመሐል ኃይል አትንቀሉበት።

ከዚያ ከስልካችሁ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር የማዕከሉን አይፒ ጽፋችሁ ሁለት ነጥብ፣ ቀጥሎም 8123 ጨምሩ። ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። የይለፍ ቃሉን ጠንካራ አድርጉት፤ በመገለጫችሁ ገጽ ላይም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱ። ይህ መሣሪያ የቤታችሁ በር ነው።

ስለ ቦታው አንድ ቃል። የደብረ ብርሃን ብርድ ለማዕከሉ ችግር አይፈጥርበትም። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ራውተሩ አናት ላይ፣ በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይሞቃቃሉ።

ደረጃ 6፦ የማንቂያ ቁልፍ መሥራት

በሆም አሲስታንት «ሴቲንግስ» ውስጥ መሣሪያዎችና አገልግሎቶች ወደሚለው ግቡ፤ አዲስ ለመጨመር ተጫኑና «ዌክ ኦን ላን» ብላችሁ ፈልጉ። የጻፋችሁትን ማክ አድራሻ አስገቡ። የብተና አድራሻ ሲጠይቅ 192.168.1.255 ስጡት፤ ይህ የእናንተ ኔትወርክ በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ነው፤ በሌላ የሚጀምር ከሆነ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ 255 አድርጉ። የፖርት (መልእክቱ የሚገባበት በር) ቁጥሩ 9 ይሁን። ሲያልቅ አንድ ቁልፍ ይሰጣችኋል፤ በገጻችሁ ላይ አስቀምጡት።

በዚያው መንገድ «ፒንግ» የሚለውንም (ኮምፒውተሩ ይመልስ እንደሆነ እየጠራ የሚያጣራውን) ጨምሩና የኮምፒውተሩን አይፒ ስጡት። ቁልፉ ጥሪ ይልካል እንጂ ኮምፒውተሩ መነሳቱን አያውቅም፤ መነሳቱን የሚነግራችሁ ፒንግ ነው። ፒንግ ከሌለ በጨለማ እንደመጣራት ነው።

ደረጃ 7፦ እዚያው ቤት ውስጥ ሆኖ መፈተን

ከአጠገቡ ሆናችሁ ያልነቃ ከአዲስ አበባ አይነቃም። ስለዚህ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ፈትኑ።

1. ኮምፒውተሩን «ስሊፕ» ላይ አድርጉ፤ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ቁልፉን ተጫኑ።
2. ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ተጫኑ።
3. አጥፉትና ሌሊቱን አሳድሩት፤ ጠዋት ተጫኑ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሠርቶ ከአሥር ሰዓት ቆይታ በኋላ እንቢ የሚል ኮምፒውተር አጋጥሞኛል፤ የብተና አድራሻው ተሳስቶ ስለነበር ማዕከሉ ኮምፒውተሩን እስኪረሳው ድረስ ብቻ ነበር የሠራው።
4. ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከግድግዳ ንቀሉት፤ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። በራሱ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ደረጃ 2 ሐ አልተስተካከለም ማለት ነው።

አንዱ ከወደቀ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ደረጃ 8፦ ለመብራት መቋረጥ መዘጋጀት

ራውተሩና ማዕከሉ ከኮምፒውተሩ በፊት ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል። ሁለቱ በአንድነት የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ስለሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ለረጅም ጊዜ ይይዛቸዋል። ለራውተር ብቻ የተሠራ ባለ 12 ቮልት መጠባበቂያ ከገዛችሁ የራውተሩን ቻርጀር ጽሑፍ አንብቡ፤ ቮልቱ ካልገጠመ ራውተሩን ያቃጥለዋል። ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚሠራ ማዕከል ደግሞ እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት ካርዱ ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ የሚያነቃው ራሱ አንቂ ይሻል። የማዕከሉን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ዘመናዊው ሶኬት የመጨረሻ መውጫ ነው። ኮምፒውተሩ በዚያ ሶኬት በኩል ኃይል እንዲያገኝ አድርጉት። ጥሪ አልሰማ ሲል ከማዕከሉ ሶኬቱን ዝጉ፤ 15 ሰከንድ ጠብቁ፤ ክፈቱ። ደረጃ 2 ሐ ከተስተካከለ ኮምፒውተሩ መብራት የመጣ መስሎት ይነሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን የምታደርጉት ኮምፒውተሩ መጥፋቱን ስታረጋግጡ ብቻ ነው። እየሠራ ያለን ኮምፒውተር ኃይል መንጠቅ ፋይል ያበላሻል። የሶኬቱ አምፔርም ለኮምፒውተሩና አብሮት ለተሰካው ሁሉ የሚበቃ መሆኑን እዩ፤ ምድጃ ወይም ማሞቂያ አትጨምሩበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ ሲበረታ መሣሪያ መንቀል ተገቢ ነው፤ ለዚህ መመሪያ ብላችሁ እንዳትተዉት። በግቢ ውስጥ ከቤት ወደ ሱቅ በአየር የተዘረጋ የኔትወርክ ገመድ ካላችሁ እሱንም ንቀሉ፤ መብረቅ በእሱም ይገባል። «እማዬ፣ ይህችን ሶኬት እንዳትነቅያት» ብሎ መሄድ ግን አይበቃም፤ ሶኬቱ ላይ ወረቀት ለጥፉበት፤ ነጎድጓድ ሲያልፍ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ማዕከሉን፣ በመጨረሻ ኮምፒውተሩን እንዲሰኩ ጻፉበት። ቤት ያለው ሰው ቅደም ተከተሉን ካወቀ ስልክ መደዋወል አይኖርም።

ደረጃ 9፦ ከሩቅ ወደ ማዕከሉ መግባት

የራውተራችሁን ፖርት ለውጭ አትክፈቱ፤ 8123ንም፣ 9ንም። የተከፈተ በር የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ቀን ከሌት ይዞራሉ። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ከሆነ ደግሞ ከውጭ በቀጥታ የሚያስገባ የራሱ አድራሻ ላይኖረው ስለሚችል ብትከፍቱትም ላይሠራ ይችላል።

ቀላሉ መንገድ ቴይልስኬል ነው፤ መሣሪያዎቻችሁን የትም ቢሆኑ በአንድ የግል ኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው፤ ለግል አገልግሎት ነፃ ነው። በሆም አሲስታንት ተጨማሪ ፕሮግራሞች ውስጥ ታገኙታላችሁ። በማዕከሉም፣ በስልካችሁም፣ በኮምፒውተሩም ላይ ጫኑና በአንድ አካውንት ግቡ። ለእያንዳንዱ በ100 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል፤ በሆም አሲስታንት የስልክ መተግበሪያ ላይ የማዕከሉን ይህን አድራሻ ከ8123 ጋር ጻፉ። ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ ያለው ቴይልስኬል ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሊያስነሳው አይችልም፤ እሱም አብሮ ተኝቷልና። ማስነሳቱ የማዕከሉ ሥራ ነው።

ቴይልስኬል ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰጠው የመግቢያ ፈቃድ፣ ቅንብሩን ካልቀየራችሁ፣ በ180 ቀን ጊዜው ያልፍበታል። በአካውንታችሁ ገጽ ላይ ለማዕከሉና ለኮምፒውተሩ የጊዜ ገደቡን አጥፉት፤ አለበለዚያ ከስድስት ወር በኋላ ምንም ሳትነኩ በሩ ይዘጋባችኋል።

ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ በ«ሪሞት ዴስክቶፕ» (ከሩቅ ሆኖ የኮምፒውተሩን ማያ በሚያሳየው የዊንዶውስ አገልግሎት) ለመግባት ዊንዶውሱ «ፕሮ» መሆን አለበት፤ «ሆም» የሚለው ዓይነት እንግዳ አያስገባም። «ሆም» ከሆነ ሌላ የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አስቀድማችሁ ጫኑ።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ብልሽት አይደለም። ዊንዶውስ ማንም ሰው ሳይነካው ሲነሳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሶ የሚያስተኛው የተሰወረ ገደብ አለው። ቶሎ ግቡ፤ ወይም የተሰወረውን መስመር በ«ፓወር ኦፕሽንስ» ዝርዝር ውስጥ እንዲታይ ካደረጋችሁ በኋላ ገደቡን አርዝሙት።

ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ፒንግ ግን ጠፍቷል ይላል። የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራው ጥበቃ) ፒንግን እየከለከለ ሊሆን ይችላል። የቤቱን ኔትወርክ «ፕራይቬት» አድርጉትና በፋየርዎሉ ውስጥ «ኤኮ ሪኩዌስት» የሚለውን ፍቀዱ።

ማዕከሉ በዋይፋይ ነው፤ ጥሪው አይደርስም። ራውተሩ የእንግዳ ኔትወርክ ወይም መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚለይ ምርጫ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ማዕከሉን በገመድ አድርጉት፤ ይገላገላል።

ላፕቶፕ ነው፤ በባትሪ ሳለ አይነሳም። ብዙዎቹ ቻርጀር ላይ ካልሆኑ ካርዱን ያጠፉታል።

ከዊንዶውስ ትልቅ ማሻሻያ በኋላ መሥራት አቆመ። ማሻሻያው የካርዱን ፕሮግራም ቀይሮ የደረጃ 3ን ምልክቶች መልሶ አንስቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጀምራችሁ እዩ።

እሑድ ማታ ወደ አዲስ አበባ ከመሳፈራችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፉ፤ ስልካችሁን ከቤቱ ዋይፋይ አውጥታችሁ በሞባይል ዳታ አድርጉና ግቢ ውስጥ ቆማችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ፒንግ ሲበራ ገብታችሁ አንድ ፋይል ክፈቱ። ከዚያ ከስልካችሁ አጥፉትና ሻንጣችሁን አንሡ።